የፊልሙ እናቴ

በማስተምርበት፣ ቶሮንቶ ባለ የኢስት ዮርክ ትምህርት ቤት፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር የሚባለው ፌብሯሪ በገባ ቁጥር የሚታይ አንድ የጦርነት ፊልም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «እኛም እንደ ሰው እንቆጠር፣ እኛም እንዝመት» ብለው የለመኑ፣ ጠመንጃ ሲጠይቁ አካፋ የተሰጣቸው የጥቁር ካናዳውያን ወታደሮች ታሪክ ነው። ጥሩ ፊልም ነው ይላሉ። እኔ ፊልሙ በሚታይበት ቀን ወይ ጥርሴን ያመኛል፣ ወይ መኪናዬ አልነሳ ትላለች። ባልደረቦቼ ግን ለተማሪዎቹ «መጋዘኑ በር ላይ የምትጮኸውን ሴትዮ ልብ ብላችሁ እዩ፤ እንዲህ ያለ ትወና ሁልጊዜ አይገኝም» ይሏቸዋል።

ሴትዮዋ እናቴ ናት። ትወና አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ይልቅ የሚቆምበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። አባዬ ሰብስቤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እማዬ ተሻለች የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለቱም በሱዳን በረሃ በኩል የመጡ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለፊልም ሠሪዎች ሰው የምትመለምል ሔርሞን የምትባል ዘማሪት ምእመናኑ ፊት ቆመች።

«ለአንድ ፊልም ኤክስትራ፣ ማለት አጃቢ ተዋናይ፣ የሚሆን ጥቁር ሰው በብዛት ይፈለጋል። ወንዱም ሴቱም። ወንዶቹ ቀጠን ያሉ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የጦርነት ጊዜ ነው» አለች።

«ቀጭንማ ሞልቷል፤ በጽጌ ጾም ነው የመጣሽብን» አለ አባዬ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

በሳምንቱ የሰበካችን ወንዶች ወታደር ሆኑ። አባዬን በዚያ ሻካራ ካኪ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞለት ሳየው ኩራቴ ሌላ ነበር። መጀመሪያ የተቀረጸው፣ መመልመያ ቢሮ ፊት ተሰልፈው «አዝምቱን! አዝምቱን!» እያሉ የሚለምኑበት ነው። የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሳቅ ፈነዳ።

«ተሹ፣ ጉድ ስሚ! እኛ አፈሳ ሲመጣ አልጋ ስር፣ ጎተራ ውስጥ ተደብቀን ያመለጥን ሰዎች፣ ዛሬ አንድ ቀይ ፈረንጅ ፊት ቆመን ወታደር አድርጉን ብለን ስንለምን ዋልን! እሱ ደግሞ 'ይኼ የነጭ ጦርነት ነው፤ ወደ ቤታችሁ' ይለናል። አንዴማ የእውነት መስሎኝ በጥፊ ልለው ነበር።»

«ለምንድን ነው የሚለምኑት?» አልኩት።

«ሰው ናችሁ እንዲባሉ ነዋ።»

«ሳይዘምቱ ሰው አይደሉም?»

«እሱን ፈረንጁን ጠይቂልኝ።»

እማዬ ሳህን እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችን «ፍቅሩም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለች። «በስልክ። 'እታለም፣ አሁን ገና ሰው ልሆን ነው' ብሎኝ ነው ማሠልጠኛ የገባው።»

የአባዬ ሳቅ እዚያው ተቋረጠ። ልብሱን ለመቀየር ገባ፤ ሻወሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከውሃው ድምፅ ስር ግን ሌላ ድምፅ ነበር። አባዬ እያለቀሰ ነው።

ጋሼ ፍቅሩ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከአገር ስትወጣ ጎህ ሳይቀድ፣ እሱ እንደተኛ፣ እንዳያለቅስና ሰው እንዳይሰማ ሳትቀሰቅሰው ነው የሄደችው። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ወዶ ዘመተ። ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ የእሱ ድምፅ ጠፋ። እኔ ከዚያ በፊት በስልክ የሰማሁትን ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው፤ «የኔ ፈረንጅ፣ አማርኛሽን እንዳትጥዪ» ይለኝ ነበር። እማዬ ስለ እሱ ስታወራ ሰዎች «ግዳጅ ላይ ይሆናል» ይሏት ነበር።

በዚያ የፊልም ሰሞን ግን ነገሩ ተለወጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው በዚያው ፎቅ ከሚኖሩት ከእትዬ ወለተሥላሴ ዘንድ ነበር። አንድ ቀን የመኝታ ቤታቸውን በር ብከፍት፣ አዳዲስ ፍራሾች ከነላስቲካቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው እኔ ገብቼ የምቀመጥባቸው ትልልቅ ድስቶችና ታጣፊ ወንበሮች አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ፣ እትዬ?»

እትዬ ወለተሥላሴ ደንግጠው በሩን ዘጉት። «እንግዳ ይመጣል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ጎበዝ ልጅ አይደለሽ?»

ከዚያ በኋላ ዓይኔም ጆሮዬም ተከፈተ። እማዬ ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ቀይረው ስለ በረዶ ያወራሉ። አባዬ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ወርዶ ከቀሲስ ፀጋዘአብ ጋር ይንሾካሾካል። እኔ ከማድረቂያው ማሽን ኋላ ሆኜ «ፍቅሩ» ሲሉ ሰማሁ። ቀሲስ «ቀረጻው አርብ ያልቃል አላልክም? እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ሁላችንም እንመጣለን» አሉ። አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

ሌላ ልጅ ምን ብሎ እንደሚያስብ አላውቅም። የእኔ አባት ግን የኤርፖርት ሠራተኛ ነበር፤ ሰው ለመቀበል አብሬው ሄጄ አውቃለሁ። እዚያ ያየሁት ሐበሻ ሁሉ የሚያለቅሰው ሰው ሲመጣለት ነው። አንዷ እንዲያውም እናቷ ከበሩ ብቅ ሲሉ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነበር። ድስት ደግሞ ክርስትና ላይ አይቻለሁ። ፍራሹ እንግዳው ይተኛበታል። ምን ይጠየቃል? ጋሼ ፍቅሩ ሊመጣ ነው፤ ለእማዬ ሰርፕራይዝ ሊያደርጉላት ነው። ደስታው አላስተኛኝ አለ።

ፍራሹ የለቅሶ ፍራሽ ነበር። ድስቱና ወንበሩ የእድር ነው። ፍቅሩ ከሞተ ቆይቷል፤ መርዶው አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ጋ የደረሰው ግን በዚያ መስከረም ነው፤ ከዚያ ወደ አባዬ ተደወለ። መርዶ ወግ አለው፤ ነጋሪዎቹ እማዬ የምትወዳቸው፣ ቀኑ ሥራ የማትገባበት፣ ሰዓቱም ገና ከቤት ሳትወጣ መሆን አለበት፤ ስትሰማው ብብቷን የሚይዝ እጅ ሊኖር ይገባል። መጀመሪያ ጉንፋን ይዟት ነበርና ተውት። ቀጥሎ መጦሪያው ሺፍት ጨመረባት። ከዚያ ፊልሙ መጣና፣ የፊልሙን ባርኔጣ አድርጋ በመስታወት ፊት ስትስቅ ሲያዩ «እስኪያልቅ እንተዋት» ተባባሉ። ከነሔርሞን ጀምሮ የሰበካው ሰው ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነበርን ብዬ ለብዙ ዓመት አምኛለሁ።

አርብ የሴቶቹ ቀን ነበር። ከሕንፃችን ቁልቁል በሚታየው ሸለቆ ውስጥ አንድ የተዘጋ ፋብሪካ አለ፤ እሱን የጦር ሠራዊት መጋዘን አድርገውታል። ግቢውን ውሃ ረጭተው ጭቃ አደረጉት፤ ቶሮንቶ በኖቬምበር የራሷ ጭቃ ያነሳት ይመስል። ሴቶቹ ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተዋል። እማዬ ፊቷ ለካሜራ ይሆናል ተብላ ከፊት ቆማለች። እኔ የሚያሳክክ ግራጫ ካፖርት አልብሰውኝ የእሷ ልጅ ሆኜ ቀሚሷን ይዣለሁ። የክፍሌ ልጅ ታኒሻ፣ ቤተሰቦቿ የጃማይካ ሰዎች ናቸው፣ እሷም ከእናቷ ጋር ተመልምላ እዚያው ነበረች። በእሷ ፊት ኮከብ መሆኔ እንዴት እንዳኮራኝ!

ዳይሬክተሯ ኖቫ ስኮሺያ የተወለደች ረጅም ጥቁር ሴት ናት። በሔርሞን አስተርጓሚነት ትዕይንቱን አስረዳችን። አንድ መኮንን መጋዘኑ ደረጃ ላይ ወጥቶ የሞቱትን ወታደሮች ስም ይጠራል። እናቶቹ ከታች ቆመው ይሰማሉ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ።

እትዬ ወለተሥላሴ ከሰልፉ ወጡ።

«ምን አልሽ? በቀትር፣ ጭቃ ላይ አቁሞ ነው የሚያረዳቸው? ዘመድ የላቸውም? ማን ይይዛቸዋል?»

«እትዬ፣ ፊልም ነው እኮ» አለች ሔርሞን።

«ፊልምስ ቢሆን! ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከአሟሟቱም አረዳዱ እላለሁ። ለሰው እንዲህ አይነገርም። በያት!»

ዳይሬክተሯ የተባለውን ሁሉ ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ መለሰች፦ ነገሩም ይኸው ነው። በፊልሙ ታሪክ የነጭ እናቶች ቤታቸው ድረስ መኮንንና ቄስ ይላክላቸዋል። እነዚህን ግን መጋዘን በር ላይ ሰብስበው ስም ይጠሩባቸዋል። ልጆቻቸው የዘመቱት ይኼ እንዲቀር ነበር።

ሔርሞን ተርጉማ ስትጨርስ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አሁን ሲገባኝ፣ እናቴን ላለማየት ነበር። እኔ ግን የእትዬ ወለተሥላሴ ክርክር አሳፍሮኛል። ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ታኒሻ እየሰማች፣ እኚህ ሴትዮ ፊልምና እውነት አይለዩም እንዴ አልኩ።

አንድ ሁለት ጊዜ ተቀረጸ። መኮንኑ የፈረንጅ ስም ይጠራል፤ ሴቶቹ መሀረብ ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። ዳይሬክተሯ አልረካችም፤ መብራት እስኪያስተካክሉ ቁሙ ተባልን። ቅዝቃዜው ካልሲዬን አልፎ ገብቷል። የእማዬ ፊት ጠቁሯል፤ ዓይኗ ሩቅ ነበር። ዘማቾች ሆነው ወዲያ ማዶ አካፋ ይዘው የቆሙትን ወንዶች፣ አባዬንም ጭምር፣ ትመለከታለች። ያዘነች መሰለኝ፤ ላስደስታት አልኩ። እስከ ነገ መጠበቁንም አልቻልኩም።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ለማንም አትናገሪም?»

«ምን ሆንሽ፣ ሽንትሽ መጣ?»

«አይ! ጋሼ ፍቅሩ ነገ ይመጣል።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ያንን ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ጉንጯ ቀላ፣ ዓይኗ ተከፈተ፤ ወጣት ሆነች።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት። ፍራሹን አይቻለሁ፤ እትዬ ወለተሥላሴ ቤት፣ ብዙ አዲስ ፍራሽ አለ። ድስትም አለ፣ ወንበርም። አባዬ ደስ ብሎት ሻወር ቤት ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ማለዳ ነው የሚመጡት፣ ቀሲስም፣ ሁሉም!»

ወደ እትዬ ወለተሥላሴ ዞረች። እትዬ ወለተሥላሴ ዓይናቸውን ሰበሩ። በዚሁ ቅጽበት «አክሽን!» ተባለ።

መኮንኑ ስም ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ እማዬ አፏን ከፈተች እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ የወጣው ግን ሸለቆውን ሞላው።

«ፍቅሩዬ! ሳልቀሰቅስህ! ሳልቀሰቅስህ ሄድኩ! ወንድሜ!»

ባርኔጣውን ነቅላ ጣለች። ደረቷን ደቃች። ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወደቀች፤ ከዚያ በፊቷ። ቀና ስትል አፍንጫዋም አፏም ጭቃ ነው። ሴቶቹ እየጮኹ ወደቁባት፤ ባርኔጣ በየቦታው በረረ። እትዬ ወለተሥላሴ ወገባቸውን በሻርፕ አስረው «የኔ ልጅ! ሳናረዳሽ! ደህናው ቤትሽ እያለልሽ!» እያሉ ብብቷን ያዙ። ካሜራው አላቆመም። ፈረንጆቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

እኔ አፈርኩ። ሌላ ስም የለውም። ጋሼ ፍቅሩ እንደሞተ አልገባኝም፤ የገባኝ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ንፍጧ ከጭቃ ተቀላቅሎ ስትጮህ ብቻ ነው። «ድምፅ ሳታሰሙ» ተብሎ የለ? ቀሚሷን ለቀቅሁት። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ታኒሻ እስከቆመችበት።

«ያቺ እናትሽ ናት?» አለችኝ ታኒሻ በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«አይደለችም። የፊልሙ እናቴ ናት» አልኳት።

«ካት!» ሲባል አጨበጨቡላት። እናቴ ወንድሟን ስታለቅስ ሰው አጨበጨበላት። ሴቶቹ ግን «ካት» የሚባል ነገር አላወቁም፤ ለቅሶው ቀጠለ። ሔርሞን እያለቀሰች ሮጣ ለዳይሬክተሯ ስትነግራት ጭብጨባው ቀጥ አለ። ወዲያ ማዶ አባዬ አካፋውን ጥሎ፣ በወታደር ልብሱ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሊመጣ አልቻለም። ለሚስቱ ማድረግ የነበረበትን አንድ ነገር ሳያደርግ የቀረ ሰው ሆኖ እዚያው ተቀመጠ።

ቤት ያመጧት በዚያው በፊልሙ ቀሚስ ነው። ፍራሾቹ ከእትዬ ወለተሥላሴ ቤት ተጎትተው ሳሎናችን ተነጠፉ፤ ድስቶቹም መጡ። ጥቁሩን ቀሚስ ለማስመለስ ከፊልሙ ሰዎች የደፈረ አልነበረም። አልጋ ላይ በተከመረው የእንግዶች ካፖርት መሀል ቁጭ ብዬ ሰው ሲገባና ሲወጣ ሰማሁ። ሁሉም «ማን ነገራት?» ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ምን እንደሆነ የነገረኝም የለም። ጋሼ ፍቅሩ እንደማይመጣ ያወቅሁት ለቀስተኞቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ስለ ፍራሹ ለእናቴ የነገርኳት እኔ እንደሆንኩ ግን ያን ጊዜውኑ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሯ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ ያንን ረጅም እግሯን አጥፋ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ትዕይንቱን ከፊልሙ ልታወጣው እንደወሰነች በሔርሞን በኩል ነገረቻት።

«ተይው በያት» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «መቃብሩን የሚያውቅ የለም። ስሙን ጠርቻለሁ፤ አንድ ቦታ ይቀመጥልኝ።»

ስለዚህ ተቀመጠ። በዓመቱ ፊልሙ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ባለ ሲኒማ ሲታይ የሰበካው ሰው ሄደ፤ እማዬ አልሄደችም። ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። አባዬ ተነስቶ ወጣ። እኔ ግን ሲያበቃ በሩ ላይ ቆሜ፣ እያለቀሱ ለሚወጡት ፈረንጆች «እናቴ ናት! እሷ እናቴ ናት!» እል ነበር። አንዲት ሴትዮ አቀፈችኝ። ቀና ስል አባዬ ምሰሶ ተደግፎ እያየኝ ነው። እጄን ይዞ ወደ ባስ ማቆሚያው ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ፊልም ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

ስታለቅስ ካድኳት፤ ሲጨበጨብላት የኔ ናት አልኩ። ይኼን ይዤ ነው ያደግሁት።

አባዬ ባለፈው ዓመት አረፈ። ዘንድሮ ፌብሯሪ ሲገባ፣ ጥርሴን ሊያመኝ ሲዘጋጅ፣ እማዬ ኮል አደረገችልኝ።

«ሶልያና፣ ያንን ፊልም አምጪልኝ። ቅዳሜ ነይ፤ በማለዳ።»

«ለምን በማለዳ? ከሰዓት ብመጣስ?»

«በማለዳ አልኩሽ።»

እናት ስታረጅ ትዕዛዟ ይበዛል ብዬ ሄድኩ። ገና አልነጋም። ቤቷ ስገባ እትዬ ወለተሥላሴ በዚያ እርጅናቸው፣ በዱላ፣ ተነስተው መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። «ምነው እትዬ፣ በዚህ ብርድ?» ብላቸው «እናትሽ ጠራችኝ» አሉ። እኔን መሀላቸው አስቀመጡኝ። ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም።

ላፕቶፔን ከፈትኩላት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየች። ወንዶቹ «አዝምቱን» ሲሉ፣ አባዬ ቀጭን ሆኖ ሲታይ፣ ፈገግ አለች። መጋዘኑ መጣ። ጩኸቱ መጣ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ሲያልፍ «መልሺው» አለች። መለስኩት።

አይቼው የማላውቀውን ያን ጊዜ አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ፊት ሲሮጡ፣ ከምስሉ ዳር አንዲት ግራጫ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ልጅ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

«አንቺ ነሽ» አለች እማዬ።

«አዎ።» ከዚያ ሳላስበው ሁሉም ወጣ። «እማ፣ እኔ ነኝ ያረዳሁሽ። ስለ ፍራሹ ባልነግርሽ ኖሮ በወጉ ትሰሚ ነበር። አባዬ እንኳ ሳያውቅ ሞተ።»

«ምኑን ነው የነገርሽኝ? መሞቱን? እሱንማ ከመስቀል ጀምሮ አውቀው ነበር።»

እትዬ ወለተሥላሴ ዱላቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰበካው ሰዎች ሰላም ሲሉኝ እጄን ቶሎ አይለቁም» አለች እማዬ። «እሳቸው ደግሞ እኔ ስገባ ስለ በረዶ ያወራሉ፤ በረዶው ገና አልጣለም! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባትሽም ፍቅሩን ሳነሳ ውሃ ይከፍታል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መርዶ ለራስ አይነገርማ። እነሱ ይመጣሉ፣ አንቺ ትቀመጫለሽ። ስጠብቃቸው ነበር።» መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ግን ይመጣል አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። ያወቅሁትን ሁሉ ትቼ፣ ልጅ አይዋሽም ብዬ፣ ለአንድ አፍታ አመንኩሽ። ከዚያ ፍራሹን አነሳሽብኝ። ያቺ አፍታ ናት የጣለችኝ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለካ ያን ዕለት ያየሁት የወጣትነት ፊት የዚያች አፍታ ፊት ነው።

«ደግሞ ሸሸሁሽ» አልኳት። «አፍሬብሽ ነው።»

«አውቃለሁ። 'የፊልሙ እናቴ ናት' ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

«በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል?»

«የጮኸው አፌ ነው፤ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። እሷ ወደ ቆመው ምስል ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ መጀመሪያ በሴቶች እጅ የተሸፈነውን የራሷን ጀርባ፣ ቀጥሎ ዳር ላይ ያለችውን ልጅ።

«እኔን ይኼ ሁሉ ሰው ይዞኛል» አለች። «ይቺን ልጅ ግን ማን ያዛት? ያን ሁሉ ቀን ካፖርት መሀል ተቀምጣ ማን ነገራት? እኔ በራሴ ለቅሶ ውስጥ ነበርኩ። አባትሽ ከመሞቱ በፊት 'ልጅቷን አላረዳናትም' አለኝ። እሱም በዚያ ሲቃጠል ኖሯል።»

ላፕቶፑን ዘጋችው። በመስኮቱ በኩል ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ያን ጊዜ ለምን ማለዳ እንደተጠራሁ ገባኝ፤ ልነሳ ስል ከዚህኛው ወገን የእማዬ እጅ፣ ከዚያኛው ወገን የእትዬ ወለተሥላሴ እጅ ብብቴ ስር ገባ።

«ሶልያናዬ» አለች እማዬ፣ «ጋሼ ፍቅሩ ሞቷል።»

ኮቴን እንደለበስኩ አለቀስኩ። እነሱም እጃቸውን አልለቀቁም።